ፅጌረዳ ዘንድ ሳለች

ሬክስዴል፣ ቶሮንቶ
ኅዳር 30 ቀን 1997 ዓ.ም.

ውድ ባለቤቴ ክብረት፣

ጤናህ፣ ተማሪዎችህ፣ ያ የሚያስቸግርህ ጉሮሮህ እንዴት ናቸው? እኛ በጌታ ቸርነት አለን። ሁለት ደብዳቤዎችህ በአንድ ሳምንት ደረሱኝ፤ ለሁለቱም በአንድ ወረቀት ስመልስ አትቀየመኝ።

ሦስት እሑድ ሙሉ ለምን እንዳልደወልኩ ጠይቀሃል። እውነትህን ነው፣ አጥፍቻለሁ። ከአምልኮ ወጥተህ ጋሽ ሰብስቤ ሱቅ በርጩማ ላይ ተቀምጠህ ስልክ ስትጠብቅ ይታየኛል። ሥራ በዝቶብኝ ነው። ደግሞስ በዚያ ስልክ ምን ይወራል? ሳሙና ሊገዛ የመጣው ሁሉ ይሰማል፤ ጋሽ ሰብስቤም ከወዲያ ሆነው «ፅጌረዳችንን ሳሚልን!» እያሉ ይጮኻሉ። ጥፋት የለባቸውም። ልጃቸው ከእኔ በር ሦስተኛው በር ላይ ባትኖር፣ ሥራ ስገባ ዮዳሄን ባትይዝልኝ፣ በዚህ አገር አንድ ወር አልቆምም ነበር። ግን በሰው ሱቅ ውስጥ የልብ አይወራምና ለጊዜው ደብዳቤ ይሻለናል።

ዮዳሄ ደህና ናት። ትንሽ አሟት ነበር፣ ጉንፋን ቢጤ። አሁን አጠገቤ ተኝታለች። ቁጥር ጀምራለች፤ አንድ፣ ሁለት ትልና ዘልላ «ኤይት!» ትላለች።

«ሙሉ ቁመናዋን የሚያሳይ ፎቶ» ላልከው፣ ለገና ልሞክር። ካሜራው ተበላሽቷል። ስለ አንተ ወደዚህ መምጫ ቪዛ ጉዳይ ከናይሮቢ ኤምባሲ የመጣ ወረቀት የለም።

ጽሑፌ ለተበላሸው ይቅርታ። ጉልበቴ ላይ ነው የምጽፈው፣ እስክሪብቶውም የራሴ አይደለም። ወረቀትም አጥቼ ያገኘሁት ላይ ነው የጻፍኩት።

አንድ ነገር ልለምንህ። ጸልይላት። ምክንያቱን አትጠይቀኝ። አባት ለልጁ ለመጸለይ ምክንያት አያስፈልገውም።

ያንተው ትርፌ

*

አሰላ
ታኅሣሥ 18 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለውዷ ባለቤቴ ለትርፌ፣

ሰላምታዬን አሳጥሬ ልግባ፣ ይቅር በይኝ።

ወረቀቱን ገልብጬ አየሁት።

ከጀርባው ስድስት ክብ ፊቶች ታትመዋል። የመጀመሪያው ይስቃል፣ የመጨረሻው እንባው እየወረደ ነው። ከሥሩ በእንግሊዝኛ «ልጅዎ ምን ያህል እንደሚያመው በጣቱ እንዲያሳይ ይጠይቁት» ይላል። አምስተኛዋ ፊት በእስክሪብቶ ተከባለች። እስክሪብቶው ደብዳቤውን የጻፍሽበት ሰማያዊ ነው።

እንግሊዝኛ አስተማሪ መሆኔን ረሳሽው? ወይስ ፈልገሽ ነው የላክሽልኝ?

ክፍል ገብቼ ማስተማር አቅቶኛል። ዛሬ አንድ ተማሪ ቆሞ ሲያነብ ጨርሶ ቆሞ ቀርቷል፣ እኔ አልሰማሁትም። ልጆቹ ሳቁ። ያቺን ፊት ነበር የማስበው። የማን ፊት ናት? የዮዳሄ ከሆነች፣ ጉንፋን ለያዘው ልጅ እንደዚህ ያለ ወረቀት አይሰጥም። ያንቺ ከሆነችም ንገሪኝ።

ትርፌ፣ እኔ ልጄን አላውቃትም። የሦስት ወር እርጉዝ ሆነሽ ነው የሸኘሁሽ። ድምፅዋን በሰው ስልክ ሰምቻለሁ፣ ፊቷን በፎቶ አይቻለሁ፣ ክብደቷን ግን በእጄ አላውቀውም። ያለኝ አንቺ የምትጽፊልኝ ብቻ ነው። እሱንም ከቀነስሽብኝ ምን ይቀረኛል?

ደህና ናት ብለሽ ደግመሽ አትጻፊልኝ። የሆነውን ጻፊ። የፈለገው ይሁን፣ ሰው ነኝ፣ እችለዋለሁ። የማልችለው ይኼን ወረቀት ገልብጦ ማየት ነው።

እጸልያለሁ። ምን ብዬ እንደምጸልይ ግን አላውቅም።

ክብረት

*

ሬክስዴል
ጥር 6 ቀን 1997 ዓ.ም.

ክብረቴ፣

ፊቷን የከበብኳት እኔ ነኝ። ነርሷን «ለልጄ የትኛዋን ልምረጥላት?» ብዬ ጠየቅኳት። «ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ ፊት መምረጥ አይችልም፤ እሷን የምንለካው በለቅሶዋ ነው» አለችኝ። ወረቀቱ እጄ ላይ ቀረ። የከበብኩት ለራሴ ነው።

እንግዲህ ልንገርህ። ተቀምጠህ አንብበው።

ዮዳሄ በጥቅምት 27 የፈላ ውሃ ፈሰሰባት። ቀኝ ክንዷ ከትከሻዋ እስከ ጣቶቿ፣ ደረቷም በከፊል። ፊቷ ተርፏል። ዓይኗ ተርፏል። ይኼን መጀመሪያ የምጽፍልህ እኔም ያን ቀን መጀመሪያ የጠየቅኩት እሱን ስለሆነ ነው። አርባ ቀን የልጆች ሆስፒታል ነበርን። የዚያን ጊዜውን ደብዳቤ እዚያው አልጋዋ አጠገብ ሆኜ ነው የጻፍኩልህ። አሁን ቤት ነን።

ከጭኗ ቆዳ አንሥተው ክንዷ ላይ ለጥፈውላታል። የመጀመሪያው አልያዘም፣ መረቀዘ። ትኩሳቷ አርባ ገባ። ሦስት ቀን ስሟን ስጠራት ዓይኗን አትገልጥም ነበር። ሐኪሙ ቅጽ ይዞ መጣ፣ «ለሁለተኛው ኦፕሬሽን ሳይን አድርጊ» አለኝ። የኔ ስም ብቻ ነው ያለው ወረቀቱ ላይ። የአባት የሚል ቦታ አለ፣ ባዶ ነበር። ፈረምኩ። ለመፈረም ስዘገይ አይቶ አስተርጓሚ ላምጣልሽ አለኝ። እንግሊዝኛው አልነበረም ያስቸገረኝ።

ሆስፒታል ሳለን ፋሻው በሁለት ቀን አንዴ ይቀየር ነበር። ማስታገሻ ይሰጧታል፣ ቢሆንም የፋሻው ጋሪ ሲመጣ የጎማውን ድምፅ ለይታ ታውቀዋለች። ከመድረሱ በፊት እኔን ትይዘኛለች፣ በደህናው እጇ አንገቴን። እኔ ደግሞ ለእነሱ አሳልፌ እሰጣታለሁ። ይኼን ከዚህ በላይ አልጽፍልህም።

አሁን የሚያስፈራኝ ጣቶቿ ናቸው። ጠባሳው ሲደርቅ ይስባል። ካልታሸና ስፕሊንት በሚሉት ጠንካራ መደገፊያ ተወጥሮ ካልታሰረ እጇ እንደ ጡጫ ተጨምድዶ ይቀራል አሉኝ። በቀን አራት ጊዜ ይታሻል። ሳሻት «እማዬ በቃ፣ በቃ» ትላለች። አልሰማም ብዬ አሻለሁ።

ሶሻል ወርከር የሚሏት ሴትዮም መጥታ ነበር። ማን ነበር፣ የት ነበር፣ ስንት ደቂቃ ነበር ትላለች። ከዚያ የልጆች ጥበቃ ሰዎች ቤቴን ሊያዩ መጡ፤ ማቀዝቀዣዬን ከፈቱ፣ ምድጃዬን አዩ። በዚህ አገር ልጅ ከእናቱ ይወስዳሉ ሲባል ትሰማለህ፤ ኮሪደር ላይ የጫማ ኮቴ በሰማሁ ቁጥር በሩን ደግሜ እቆልፋለሁ። ፋይላችን ገና አልተዘጋም። ያንተንም ጉዳይ ያበላሽብን ይሆን እያልኩ እፈራለሁ።

እንዴት ሆነ ማለትህ አይቀርም። ፅጌረዳ ዘንድ ሳለች ነው የሆነው። የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ ሰክታ ዞር ስትል ልጅቷ ገመዱን ሳበችው። አውቃ አላደረገችውም። እባክህ ለጋሽ ሰብስቤ እንዳትነግራቸው።

በቶሎ አለመንገሬን ይቅር በለኝ።

ትርፌ

*

አሰላ
ጥር 25 ቀን 1997 ዓ.ም.

ትርፌ፣

እንዳልነግር ለምነሽኝ ነበር። ነገርኩ።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ቅዳሜ ነው። እሑድ ወደ አምልኮ ሄድኩ። ጋሽ ሰብስቤ እንደ ወትሮው በር ላይ ቆመው ሰው ያስተናግዳሉ። «ልጄ፣ ከነትርፌ ምን ተሰማ?» ብለው ሊያቅፉኝ እጃቸውን ዘረጉ። እጃቸውን ሳይ አልቻልኩም። ሰዉ ሁሉ እየሰማ ጮህኩባቸው። «ልጅዎ ልጄን ቀቀለቻት!» አልኳቸው። እንዲህ ነው ያልኩት፣ ቃሉን ሳልቀንስ ልንገርሽ ብዬ ነው። ስድሳ ሰው ይሆናል የነበረው። ባለቤታቸው እዚያው ደጃፉ ላይ ተቀመጡ፤ ሴቶች ደግፈው ወሰዷቸው።

ጋሽ ሰብስቤ ከሰዓት በኋላ ቤቴ ድረስ መጥተው ለመኑኝ። ኮፍያቸውን አውልቀው። አላስገባኋቸውም። ከእንግዲህ ሱቃቸውም ስልካቸውም ይቅርብኝ።

ለፅጌረዳም ጻፍኩላት። አድራሻዋ ካንቺ ጋር አንድ ነው፣ የበሩ ቁጥር ብቻ ነው የሚለየው። ከልጄ እንድትርቅ ነግሬያታለሁ። ሌላም ነገር ጽፌያለሁ። ዳግመኛ አላነበብኩትም፣ አሽጌ ላክሁት።

ሌሊት ሥራ አትግቢ ያልኩሽ ይኼን ፈርቼ ነበር። ልጅ ሰው ቤት ስታድር መጨረሻው ይኼ ነው። ግን አንቺን አልወቅስሽም። እንዴት እወቅስሻለሁ? አንቺ እዚያ አልነበርሽም።

አሁን የምጠይቅሽን ሁሉ መልሽልኝ። ጣቶቿ እስከ ምን ድረስ ይዘረጋሉ? አውራ ጣቷስ? ማንኪያ ትይዛለች? በቀኝ እጇ ነበር የምትጠቀመው ወይስ በግራዋ? ይኼን እንኳ አላውቅም። የራሴን እጅ ጨብጬ እየዘረጋሁ አያለሁ፣ እንደ ዕብድ። ትኩሳቱ ተመልሶ ይመጣ ይሆን? ፋይሉ ተዘጋ?

ክብረት

*

ሬክስዴል
የካቲት 14 ቀን 1997 ዓ.ም.

ክብረት፣

«አንቺ እዚያ አልነበርሽም» ብለሃል።

ነበርኩ።

ደብዳቤውን እዚህ ላይ አቁመህ ልትቀድደው ትችላለህ። ግን እባክህ አንብበው፤ በዚህ ሁሉ ውስጥ አንዲት ጥፋት የሌለባት ሰው አለችና ስለሷ ብለህ አንብበው።

ዮዳሄ የተቃጠለችው በእኔ ቤት፣ በእኔ እጅ ነው። ከሌሊት ሥራዬ፣ ከአውሮፕላን ምግብ ማሸጊያ ፋብሪካው፣ ጠዋት ወጥቼ መጣሁ። ፅጌረዳ አጥባ፣ አልብሳ፣ ጸጉሯን ሠርታ አስረከበችኝ። «ፊትሽ ደክሟል፣ እስከ ምሳ ሰዓት እኔ ጋ ትቆይ» አለችኝ። እንቢ አልኩ። ሌሊቱን ሙሉ ናፍቃኝ ነበር። አጃ ልሠራላት ማንቆርቆሪያውን ሰካሁና ሶፋው ላይ ተቀመጥኩ። ጫማዬን ላወልቅ ነበር የተቀመጥኩት። አንዱን አወለቅኩ። ሁለተኛውን ማውለቄን አላስታውስም።

የቀሰቀሰኝ ጩኸቷ ነው።

ተነሥቼ ምን አደረግኩ መሰለህ? ምንም። ቆምኩ። ገመዱ ወለሉ ላይ ነው፣ ሹራቧ በእንፋሎት ይጨሳል፣ አፏን ከፍታ ታየኛለች፣ እኔ ቆሜያለሁ። ፅጌረዳ ናት ጩኸቱን ከሦስተኛው በር ሰምታ በሰጠኋት ቁልፍ ከፍታ የገባችው። ከነልብሷ አንሥታ ሻወር ውስጥ አስገባቻት። ቀዝቃዛውን ውሃ ከፍታ ራሷም አብራት ገባች። «ትርፌ! አምቡላንስ ጥሪ፣ ናይን ዋን ዋን ደውዪ! ትርፌ!» ስትለኝ ነው የነቃሁት። ሃያ ደቂቃ ያህል ውሃ ውስጥ ቆመች፤ ከንፈሯ ጠቁሮ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሐኪሙ በኋላ «ውሃው ውስጥ ማን አስገባት? ጣቶቿን ያተረፈላት እሱ ነው» አለ።

ለዚያች ለማላውቃት ሶሻል ወርከር እውነቱን ተናገርኩ። ተኝቼ ነበር አልኳት፤ ጻፈችው። ላንተ ዋሸሁህ። ሌሊት አትሥሪ ብለኸኝ ነበር፣ አልሰማሁህም። ልጅህን ሳታያት ያበላሸሁብህ መሰለኝ። ደብዳቤውን ስጽፍ ብዕሬ እዚያ ሲደርስ «እኔ» ማለት አቃተው፣ ያቺን ስም ጻፈ። ሦስት ቃል ነው፤ ፅጌረዳ ዘንድ ሳለች። አንተ ለማንም አትነግርም፣ እዚያው ይቀራል ብዬ ነበር።

ማክሰኞ ለት በሬ ተንኳኳ። ፅጌረዳ ናት፣ ደብዳቤህን ይዛለች። እንደ ሁልጊዜው እጇን ታጥባ፣ ቅባቱን አንሥታ፣ ዮዳሄን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ማሸት ጀመረች። በቀን ከአራቱ ሁለቱን የምታሻት እሷ ናት፣ ይኼንንም አልነገርኩህም። ስትጨርስ ደብዳቤህን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«አንብቢው» አለችኝ።

አነበብኩት። ክብረት፣ የጻፍከውን አንተም ደግመህ አላነበብከውም፤ እኔ አንብቤልሃለሁ።

«ፅጌ...» አልኳት።

«እኔን ምንም በይኝ» አለች። «ፈርተሽ ነው፣ አውቃለሁ። እኔም በአንቺ ቦታ ብሆን ምን እንደምል አላውቅም። ግን እናቴ ከቤት አትወጣም አሉኝ። ወንድሜ ትናንት ደውሎ ‹በሕፃን ላይ ምን አደረግሽ?› አለኝ። አባቴ አላናገረኝም። አባቴ፣ ትርፌ! ስልኩን አልቀበልም አለ።»

ተንበርክኬ እግሯን ያዝኩ። እግሯን ሰበሰበች።

«ይቅርታሽን አይደለም የምፈልገው» አለችኝ። «ደብዳቤ መጻፍ ትችያለሽ አይደል? እንግዲህ ጻፊ።»

ይኸው ጻፍኩ። ለጋሽ ሰብስቤ አንብብላቸው፣ ሁሉንም፣ ሳትዘል። ከዚያ በኋላ በእኔ ላይ የምትወስነውን እቀበላለሁ።

የቀሩትን ጥያቄዎችህን ልመልስ። ፋይሉ አልተዘጋም። ትኩሳቱ አልተመለሰም። አውራ ጣቷና ሌባ ጣቷ ይዘረጋሉ፤ ሦስቱ ገና ናቸው። ቀኝ እጇ ነበር የምትጠቀምበት።

ትርፌ

*

ሬክስዴል
መጋቢት 20 ቀን 1997 ዓ.ም.

ክብረት፣

መልስ አልመጣም። ፖስታ ቤት ይሆናል እያልኩ ነው። ወደ ጋሽ ሰብስቤ ሱቅ መደወል ደግሞ አልችልም፤ ሁለት ጊዜ ቁጥሩን ጀምሬ ዘጋሁት።

አንተን መልስ ለማለት አይደለም የምጽፈው። ዜና ስላለ ነው፤ አባቷ ነህና ልታውቀው ይገባል።

የልጆች ጥበቃ ሴትዮ መጥታ ፋይሉን ዘጋሁት አለችኝ። ወረቀቱን አምስት ጊዜ አነበብኩት። ለፅጌረዳ አሳየኋት፤ «ጌታ ይመስገን» ብላ ወጣች። ከዚያ በላይ አታወራኝም።

ዮዳሄ እስከ ትከሻዋ የሚደርስ ጥብቅ እጅጌ ከነጓንቱ ታጠልቃለች፣ ለአንድ ዓመት ነው አሉ። ለመታጠብ ብቻ ይወልቃል። መታጠብ ደግሞ የባሰ ፈተና ነው። ቧንቧ ሲከፈት ከሰማች አልጋ ሥር ትገባለች። በርጥብ ጨርቅ ነው የምጠርጋት።

እኔ ወደ ቀን ሺፍት ተዛውሬያለሁ፤ እሷ ዴይኬር የሚሉትን የሕፃናት መዋያ ጀመረች። የመጀመሪያው ቀን ስልኬን በእጄ ይዤ ነው የዋልኩት። ሱፐርቫይዘሩ «ምን ሆነሻል?» አለኝ፤ ምንም አልኩት። ሰው ሳቅ ብሎ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ እንኳ ደንግጬ እቆማለሁ። ያ መቆሜ ነው የሚያስፈራኝ፤ ሌላ ቀን የሆነ ነገር ቢሆን እንደገና የምቆም ይመስለኛል።

ከተቆጣህ ተቆጣ። ግን ጻፍ። ስድብም ቢሆን በጽሑፍህ ይምጣልኝ።

ትርፌ

*

አሰላ
መጋቢት 24 ቀን 1997 ዓ.ም.

ትርፌ፣

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሦስት ሳምንት አልፎታል። እጄ እንቢ ብሎኝ ነው የቆየሁት።

በመጀመሪያው ሳምንት ተቆጣሁብሽ፤ አልደብቅሽም። ሌሊት ሌሊት የማይተኛ ሰው ስንት ቀን ይቆማል፣ ይኼንን እንኳ ማሰብ አልፈለግኩም። በሁለተኛው ሳምንት ሌላ ነገር መጣብኝ። ያቺን ልጅ በስድሳ ሰው ፊት ያዋረዳት ያንቺ ብዕር ብቻ አይደለም፤ የእኔ አፍ ነው። እንዳትነግር ብለሽኝ ነበር። አንድም ቀን ልጄን አቅፌ ሳላውቅ፣ አቃጠለቻት ባልኳት ሰው ላይ ግን ጉሮሮዬ እስኪዘጋ ጮህኩ። አባትነቴን ያሳየሁበት ብቸኛው ጊዜ እሱ ነበር፤ እሱም ውሸት ሆኖ ተገኘ።

ባለፈው ሳምንት ሐሙስ ጋሽ ሰብስቤ ቤት ሄድኩ። ራሳቸው ከፈቱልኝ። እንዳላስገባኋቸው እያስታወስኩ ገባሁ። ባለቤታቸው ጥግ ተቀምጠዋል፣ ሰላምታዬን አልመለሱም። ደብዳቤሽን አውጥቼ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩላቸው። ሻወሩ ጋ ስደርስ ማንበብ አቃተኝ፤ ጋሽ ሰብስቤ ወረቀቱን ተቀብለውኝ መነጽራቸውን አደረጉና ቀሪውን ራሳቸው ጮክ ብለው አነበቡት። ጨርሰው አጠፉት።

«ሦስቱ ጣቶች አሁን እንዴት ናቸው?» አሉኝ።

አላውቅም አልኳቸው።

«ይኼን ሳታውቅ ነው ሦስት ሳምንት የተቀመጥከው?»

ባለቤታቸው ያን ጊዜ ተናገሩ፤ ወደ እኔ ሳይዞሩ። «ልጄን ስሟን የወሰድክበትን ቦታ ታውቀዋለህ። እዚያው ሄደህ መልስላት።»

እሑድ አምልኮ ሲያበቃ ተነሥቼ ቆምኩ። ምን እንዳልኩ በሙሉ አላስታውስም። «እኔ ክብረት የንጹሕ ሰው ስም አጥፍቻለሁ፤ ልጄ ዛሬ ጣት ካላት በፅጌረዳ ሰብስቤ ነው» ማለቴን አውቃለሁ። ስላንቺ የተናገርኩት «ደክሟት ተኝታ ነበር» ብዬ ብቻ ነው። አንዳንዱ አጉረመረመ። ጋሽ ሰብስቤ ከኋላ መጥተው አጠገቤ ቆሙ፤ ምንም ሳይሉ። ባለቤታቸው ግን ቀደም ብለው ወጡ፤ እስካሁን አላናገሩኝም። ይገባኛል።

አንቺን በተመለከተ የምወስነው ነገር የለም። ምን አድርጊ ብዬ እወስንብሻለሁ? ሌላ ጊዜ ግን ስትፈሪ ፍርሃትሽን ለእኔ ንገሪኝ፣ እኔን አትፍሪ።

ለፅጌረዳ ለብቻዋ የጻፍኩት አብሮ አለ። አሽጌዋለሁ፤ አትክፈቺው።

ጣቶቿን ንገሪኝ።

ክብረት

*

ሬክስዴል
ሚያዝያ 14 ቀን 1997 ዓ.ም.

ክብረቴ፣

ደብዳቤህን ኤሌቬተሩ ፊት ለፊት ቆሜ አነበብኩት። ሦስት ጊዜ ተከፍቶ ተዘጋ።

የፅጌረዳን ሳልከፍት ሰጠኋት። በማግሥቱ መጣች። አባቷ ደውለውላት ነበር፤ ሁለቱም ሳያወሩ አለቀሱ አለችኝ። ከዚያ የቤቴን ቁልፍ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። «ይኼ ካንቺ ጋር ይሁን» አለች። ለመንኳት። «አልተጣላሁሽም። ግን በቁልፍ የሚገባ ሰው ሁሉንም አምኖ ነው የሚገባው፤ እኔ ገና ነኝ» አለችኝ። ዮዳሄን ለማሸት አሁንም ትመጣለች። ቆማ ታንኳኳለች፣ እኔ እከፍታለሁ።

ጣቶቿን ጠይቀሃል። ባለፈው ሳምንት መሃል ጣቷና የቀለበት ጣቷ ተዘረጉ። ትንሿ ጣት ትቀራለች፤ ስታድግ፣ አምስት ዓመት ሲሆናት፣ ሌላ ኦፕሬሽን ያስፈልጋታል ብለዋል። ማንኪያ ትይዛለች፣ ግማሹን ታፈሳለች። ክንዷ ግን እንደ ድሮው አይሆንም። ቆዳው እንደተጨማደደ ወረቀት ነው፣ ቀለሙም የራሷ አይመስልም። ሐኪሙን ስንት ዓመት ይፈጃል አልኩት፤ «እየደበዘዘ ይሄዳል፣ አይጠፋም» አለኝ። ይኼን ሳልቀንስ ነው የነገርኩህ። ከእንግዲህ አልቀንስም።

እኔ አሁንም እፈራለሁ። ይለቀኛል ብዬ አልዋሽህም። ውሃ የማፈላው በሩን ዘግቼ፣ ቆሜ ነው።

ከናይሮቢ ወረቀት መጣ። የጤና ምርመራ እንድታደርግ ይላል፤ ኮፒው ከዚህ ጋር አለ። ፓስተራችን እንዲህ ያለ ወረቀት ከመጣ ብዙ አይቆይም ብሏል። እስከዚያ ግን አንድ ነገር ልንገርህ፤ ስለ ክንዷ አንተ በወረቀት ብቻ ነው የምታውቀው፣ ስታየው እንዳትደነግጥ።

ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው ክንዷን ነው። ባስ ውስጥ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ዴይኬር ደጃፍ። እሷም አውቃለች። የሚያያት ሰው ካለ እጇን ከጀርባዋ ትሸሽጋለች፤ ሁለት ዓመት ከሦስት ወሯ ነው፣ ማን እንዳስተማራት አላውቅም። አንተ ግን ኤርፖርት ስትወጣ ፊቷን እያት። ስሟን ጥራት። ሮጠህ አትቀፋት፣ አታውቅህም፣ ትደነግጣለች። ወለሉ ላይ ቁጭ በልና ጠብቃት። ቶሎ አትመጣም ይሆናል፤ እኔ እግር ሥር ትወሸቃለች። ጠብቃት።

ከቀረበችህ እጇን ራሷ ታወጣለች። «እፍ» ትልሃለች፤ እፍ በልልኝ ማለቷ ነው። የወደደችውን ሰው ነው እንዲህ የምትለው። እፍ በልላት። ከዚያ እጇን ያዘው። ጠበቅ አድርገህ ያዘው፤ አሁን አያማትም።

ትርፌ